ጡሩምባው ተነፍቷል፣ ድንኳኑ የታለ?

መገናኛ፣ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የጥገና ክፍል አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ በነጠላው ላይ ፌስታል ደርበው ገቡ። ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። በማግሥቱ እሑድ የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። የሦስት ዓመት መዋጮ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ላይ ቅጣት አለ፣ ሁሉም በነጠላው ውስጥ ነው። የተነጋገርነውን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፤ ሻይ ያስመጣንበትንና የዘመድ አዝማድ ጤና የተጠያየቅንበትን ብቻ ቆርጫለሁ።

ጋሼ፦ ይበራል፣ ግን አይሰማም።

እኔ፦ አይሰማም ሲሉኝ?

ጋሼ፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? ማብሪያውን ስጫነው መብራቱ ይበራል። ውስጡ ሽው ይላል። ከዚያ ዝም። ስክሪኑ ጥቁር ነው። የፈለግሽውን ብትጫኚ መልስ የለም። እንዳኮረፈ ሰው፣ ዓይኑን ከፍቶ ያይሻል እንጂ አይመልስልሽም።

እኔ፦ ግማሹን ሥራ ሠሩልኝ። አብዛኛው ሰው «አይሠራም» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ነው የሚሄደው። እርስዎ ግን መብራት አለ፣ ማራገቢያ አለ፣ ስዕል የለም ብለው ለየብቻ ነገሩኝ። መቼ ጀመረው?

ጋሼ፦ ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። መጣ ስንል እንደገና ሄደ። ሁለተኛ ሲመጣ ላብራው ብል እንዲህ ሆኖ ቀረ።

እኔ፦ ባትሪው አይዝም ማለት ነው?

ጋሼ፦ ባትሪውማ ከሞተ ዓመት አለፈው። ገመዱ ከተነቀለ በቃ፣ ድርግም ነው። በቀጥታ ከግድግዳው ነው የምጠቀመው።

እኔ፦ በስታቢላይዘር?

ጋሼ፦ ስታቢላይዘሩ የፍሪጁ ነው።

እኔ፦ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። ከእኔ በፊት ያየው አለ?

ጋሼ፦ ትናንት አንድ የጎረቤት ልጅ አየውና «ፎርማት ማድረግ ነው፣ አሁኑኑ ላድርግልዎት» አለኝ። እሺ ልለው ስል፣ ለመሆኑ ፎርማት ማለት ምንድን ነው አልኩት። «ያለውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን» አለኝ። ዕድሩስ? ስለው «እሱማ ይጠፋል» አለኝ። ነጠላዬን አነሣሁ።

እኔ፦ ነጠላዎት ይባረክ። በዚህ ከተማ ስንቱ የልጅ ፎቶ፣ ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ እንደዚያ ተብሎ እንደጠፋ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ካለቀ በኋላ ነው «መመለስ ይቻላል ወይ?» እያሉ የሚመጡት። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ሲሞት ዕድሩ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?

ጋሼ፦ ጡሩምባ ነፊው ይዞራላ። ከዚያ መጋዘን ይከፈታል፤ ድንኳን ይወጣል፣ ወንበርና ሰሃን ይቆጠራል፣ ይተከላል፣ ሰው ይቀመጣል። እኔ መዝገቤን ይዤ የማልፈው ያን ጊዜ ነው።

እኔ፦ ጡሩምባው ተነፍቶ ድንኳኑ ሳይተከል ቢቀር መዝገቡን ያቃጥሉታል?

ጋሼ፦ መዝገቡ ምን አደረገና! ወይ የመጋዘኑ ቁልፍ ጠፍቷል፣ ወይ ድንኳን ተካዮቹ ቀርተዋል።

እኔ፦ ፎርማት መዝገቡን ማቃጠል ነው። ማብሪያውን ሲጫኑ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ማዘርቦርድ በሚባለው ዋና ሰሌዳ ላይ ይከፋፈላል። ያዩት መብራትና የሰሙት ማራገቢያ የዚያ ናቸው፤ ጡሩምባው ነው። ቀጥሎ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የሚኖር ባዮስ የሚባል ፕሮግራም ይነቃና ዕቃ ይቆጥራል። ራም አለ? ስዕል የሚሠራው ክፍል አለ? ኪቦርድ አለ? ይህ ሲሟላለት የአምራቹን ዓርማ ስክሪኑ ላይ ያወጣል። ዲስኩን ከፍቶ ዊንዶውስን የሚቀሰቅሰው ከዚያ ወዲያ ነው። የእርስዎ መዋጮ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ዓርማው እንኳ ካልመጣ ማሽኑ ዲስኩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል ብዬ ነው የምጠረጥረው።

ጋሼ፦ ልጁ ያልተጠረጠረውን ሊያስር ነበራ።

እኔ፦ ግን ቶሎ አልፍረድ። ማሽኑ ደህና ነቅቶ ስክሪኑ ብቻ ታውሮም ይሆናል። ካፕስ ሎክን ይጫኑልኝ።

ጋሼ፦ የቱ ነው?

እኔ፦ በግራ በኩል፣ ትልልቁን የፈረንጅ ፊደል የሚያመጣው። ትንሽ መብራት አለችው።

ጋሼ፦ ተጫንኩት። ምንም የለም።

እኔ፦ ያቺ መብራት ቁልፉን ሲጫኑት ብትበራ፣ ሲደግሙት ብትጠፋ ኖሮ ውስጥ የሚሰማ አለ ማለት ነበር። ጥፋቱን ወደ ስክሪኑ እናዞረው ነበር። አሁን ደግሞ የስልኬን ባትሪ በሰያፍ ላብራበት። አንዳንዴ ስዕሉ ይኖራል፤ የሞተው ከጀርባው የሚያበራው መብራት ብቻ ነው። እንዲህ ሲያበሩበት እንደ ጥላ ደብዝዞ ይታያል።

ጋሼ፦ የራሴን ፊት ብቻ ነው የማየው።

እኔ፦ እኔም። የመጨረሻ፣ ይህን የጠረጴዛ ስክሪን በኤችዲኤምአይ ልሰካው። «ሲግናል የለም» አለ። ከሦስቱም ምንም ስላልተገኘ የእርስዎን ስክሪን ለጊዜው በነፃ አሰናብቼዋለሁ።

ጋሼ፦ አጥፍቶ ማብራትስ? ሐሙስ ማታ አሥር ጊዜ አጥፍቼ አብርቻለሁ።

እኔ፦ እንዴት አድርገው ነው ያጠፉት?

ጋሼ፦ ማብሪያውን ነካ አድርጌ።

እኔ፦ ነካ ማድረግ ልመና ነው። ማብሪያው ለዊንዶውስ «እባክህ ዝጋ» የሚል መልእክት ይልካል። ዊንዶውስ ካልተነሣ ወይም ከደነዘዘ ልመናውን የሚቀበል የለም። ከ4 ሰከንድ በላይ ተጭነው ሲይዙት ግን ትእዛዝ ይሆናል፤ ማንንም ሳይጠይቅ ኃይሉን ይቆርጠዋል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በፈረንጆቹ 1996 ያወጡት የኃይል አስተዳደር ደንብ ላይ ያለ ነው፤ አብዛኛው አምራች ይከተለዋል። እኔ ደግሞ ቻርጀሩን ነቅዬ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ። ማዘርቦርዱ ውስጥ ተጠራቅማ የቀረች ቻርጅ እንድትፈስ ነው። መብራት ሲመላለስ ግራ የተጋባ ማሽን በዚህ ብቻ የሚነሣበት ጊዜ አለ። ገንዘብም አልቀበልበትም።

ጋሼ፦ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ።

እኔ፦ ልሰካው። አልተነሣም።

ጋሼ፦ እዚህች ጋ ግን አንድ ነገር ብልጭ ድርግም ይላል። ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ።

እኔ፦ እስቲ ይቁጠሩልኝ።

ጋሼ፦ ሁለት ብርቱካናማ፣ ሦስት ነጭ። ቆመ። ደግሞ ሁለት ብርቱካናማ፣ ሦስት ነጭ።

እኔ፦ በሉ፣ አይሰማም ያሉት ማሽን ከሐሙስ ጀምሮ ሲናገር ነው የከረመው። ስክሪን የሌለው ማሽን ቆጠራው ላይ የጎደለበትን ዕቃ በመብራት ወይም በጩኸት ያሳውቃል። አንዱ አምራች ጢጥ ጢጥ ያሰኘዋል፣ ሌላው ካፕስ ሎክን ያርገበግባል፣ የእርስዎ የባትሪውን መብራት ይጠቀማል። ቋንቋቸው አንድ ስላልሆነ በሞዴሉ ቁጥር የራሱን መመሪያ ማውጣት ነው። ይኸው፣ ሁለትና ሦስት፦ «ራም አልተገኘም»።

ጋሼ፦ እኔ ደግሞ ባትሪው አልቆ የሚለምን መስሎኝ። ለመሆኑ ራም ምንድን ነው? ልጄ ከቨርጂኒያ ስትልክልኝ «አባዬ፣ ስምንት ጂቢ ራም አለው» ብላኛለች። አመስግኜ ዝም አልኩ።

እኔ፦ መዝገቡን ከሳጥኑ አውጥታችሁ የምትዘረጉበት ጠረጴዛ ነው። ዲስኩ ሳጥኑ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የያዘውን አይለቅም። ራም ላይ ያለው ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ያለ ጠረጴዛ ስብሰባ የለም፣ ባዮስም ያለ ራም ወዴትም አይንቀሳቀስ። ሳጥኑ ግን አልተነካም።

ጋሼ፦ አሁን ልቤ መለስ አለልኝ። በይ ክፈቺው።

ከስር ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። ጋሼ እያንዳንዷን ብሎን ተቀብለው በተፈታችበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደረደሯት፤ እንዲህ ያለ ረዳት ኖሮኝ አያውቅም። ክዳኑ ሲነሣ ግን ራሙን ከማየቴ በፊት ሌላ ነገር አየሁ።

እኔ፦ ጋሼ፣ ጣትዎን የሚያንሸራትቱበት ሰሌዳ ከፍ ብሎ አልነበረም?

ጋሼ፦ ነበር! ስጫነው አልገባ ይለኝ ነበር። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

እኔ፦ ከስሩ ባትሪው አብጦ ነው የገፋው። ጠፍጣፋ መሆን ነበረበት፣ ይኸው ትራስ አክሏል። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ አይወጋም፣ አይጫኑትም፣ ሙቀት አጠገብ አይቀመጥም፤ እሳት ያስነሣል። ይህን መልሼ አልገጥምልዎትም። እርስዎ ለሦስት ቀን ስለ ስክሪኑ ሲጨነቁ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ጋሼ፦ አልጋዬ ላይ ነው እኮ አስቀምጬው የማድረው!

እኔ፦ ከዛሬ ወዲያ የለም። እስክገዛልዎት በቻርጀር ብቻ ይሠራል። አሁን የባትሪው መሰኪያ ተነቅሏል፤ ከዚህ በፊት ውስጡ ያለ ነገር አይነካም። እጄን ብረት አስነክቼ፣ እነዚህን ሁለት ጣውላ መሳይ ነገሮች አወጣለሁ። ራም ማለት እነዚህ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 4 ጂቢ። ዳር ዳሩን ያለው ወርቅ ቅቡ ጥርስ ቆሽሿል። ላጲስ ያቀብሉኝ።

ጋሼ፦ የተማሪ ላጲስ?

እኔ፦ የተማሪ፣ ለስላሳው ነጭ። ቀስ ብዬ አሽቼ ብናኙን በብሩሽ፣ ቀሪውን በአልኮል። የሚንቀው ባለሙያ አለ፤ እኔም ብዙ ጊዜ አልኮሉ ብቻ ይበቃኛል። አሁን አንደኛዋን «ሀ»፣ ሁለተኛዋን «ለ» ልበላቸው። «ሀ» ብቻዋን አንደኛው ማስገቢያ ላይ። አበራሁ።

ጋሼ፦ ጥቁር ነው። ላጥፋው?

እኔ፦ እጅዎን!

ጋሼ፦ ጥቁር ነው እኮ።

እኔ፦ ይታገሡ። ራም ሲቀያየር ባዮሱ በምን ፍጥነት እንደሚግባባው እየሞከረ ይለካዋል። ዲዲአር5 በሚባለው አዲሱ ራም በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ይህ የቆየ ነው፣ ያን ያህል አይቆይም፤ ግን እዚህች ጥቁር ደቂቃ ላይ ስንቱ ተስፋ ቆርጦ አጥፍቷል።

ጋሼ፦ መጣ! ዓርማው መጣ! ተመስገን።

እኔ፦ አሁን ላጥፋው።

ጋሼ፦ ምን ነካሽ? ገና መምጣቱ እኮ ነው!

እኔ፦ ለምን እንደመጣ አላወቅኩማ። «ለ»ን እዚያው ማስገቢያ ላይ ልክተታት። ጥቁር፤ ያው ብልጭታ ተመለሰ። አሁን «ሀ»ን ወደ ሁለተኛው ማስገቢያ ላዛውራት። ተነሣ። እንግዲህ ሁለቱም ማስገቢያ ጤነኛ ነው፣ «ሀ» ጤነኛ ናት፣ የሞተችው «ለ» ናት።

ጋሼ፦ ይሄማ የዕድር ዳኛ ሥራ ነው። ሁለት ሰው ሲካሰስ ለየብቻ እያስገባ ነው የሚጠይቀው።

እኔ፦ ሁለቱንም እንደጸዱ መልሼ ከትቻቸው ቢሆን፣ ባይነሣ ማዘርቦርዱን እወቅስ ነበር። ማዘርቦርድ ደግሞ ሲወቀስ ያስከፍላል። ይኸው ዊንዶውስ ገባ።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ዓመቱን አይተሻል? 2018 ይላል! ዛሬ ገና ይህ ዕቃ በእኛ ቆጠረ።

እኔ፦ ጋሼ፣ የእነሱ 2018 ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል።

ጋሼ፦ ወይኔ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እኔ፦ ማሽኑ ከመብራት ሲለይ ሰዓቱን የምትቆጥርለት ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለችው፤ ሲአር2032፣ 3 ቮልት። እሷም አልቃ ኖሯል። ትልቁን ባትሪ ስነቅልበት ባዮሱ ወደተሠራበት ዘመን ተመለሰ። በዚህ ቀን ኢንተርኔት ቢከፍቱ አብዛኛው ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይመልስዎታል፤ የገጾቹ የምስክር ወረቀት በዚያን ዓመት ገና አልወጣማ። ይህንን ቫይረስ ነው ብለው የሚያመጡልኝ አሉ። ሰዓቱን ማስተካከል ነበር መድኃኒቱ። የዕድሩ ፋይል የት ነው?

ጋሼ፦ ዴስክቶፕ ላይ፣ «ዕድር የመጨረሻ» የሚለው። ከጎኑ «ዕድር የመጨረሻ 2» አለ። እውነተኛው ሁለቱ ነው።

እኔ፦ ሁለቱንም፣ ዴስክቶፑንም፣ ፎቶዎቹንም እገለብጣለሁ። በሁለት ፍላሽ። ይህ ሳያልቅ ምንም ሌላ ነገር አልነካም።

ጋሼ፦ እስኪያልቅ አንድ ልጠይቅሽ። የልጅ ልጄ ላፕቶፕ ሌላ ነው። ስዕሉ አለ፣ ሁሉም ነገር ይታያል፣ ግን በቆመበት ይቀራል። «ስታክ አደረገ» ይለኛል።

እኔ፦ የእሱ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰውም ገብቷል፤ ስብሰባው ነው ያልቀጠለው። እዚያ ካፕስ ሎክ መብራቷን ከቀያየረች ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ በሕይወት አለ፣ አንዱ ፕሮግራም ጠረጴዛውን ይዞ አልለቅም ብሏል ማለት ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ። በተለይ የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ካለው ብዙ ጊዜ ደክሞ እንጂ ሞቶ አይደለም። ከዚያ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት፤ ያንን ፕሮግራም ለይቶ መዝጋት።

ጋሼ፦ ሦስቱን ባንድ ጊዜ? ለምን በአንድ ቁልፍ አላደረጉትም?

እኔ፦ የዕድራችሁ ሳጥን ስንት ቁልፍ አለው?

ጋሼ፦ ሦስት። አንዱ ዳኛው ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ። አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከፍተው ነው።

እኔ፦ ዴቪድ ብራድሌይ የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስም በዚያው ሐሳብ ነው ያደረገው። በፈረንጆቹ 1981 የወጣውን የመጀመሪያውን የአይቢኤም ፒሲ ከሠሩት አንዱ ነው። ያኔ ሦስቱ ቁልፎች ማሽኑን እንዳለ መልሰው የሚያስነሡ ነበሩ። መጀመሪያ ሲያስበው በግራ እጅ ብቻ የሚነካ ነበር፤ ሳያስቡት ቢነካ ሥራው ሁሉ ስለሚጠፋ አንዱን ቁልፍ ወደ ቀኝ አራቀው። ሁለት እጅ እንዲጠይቅ።

ጋሼ፦ ይሄ ሰውዬ ዕድር ነበረው?

እኔ፦ አልተጠየቀም። ደግሞ ስክሪኑ ጠቁሮ ካፕስ ሎክ የሚሰማ ከሆነ ዊንዶውስ 10ም 11ም ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢን አንድ ላይ መጫን ይሞከራል። ስዕል የሚያወጣውን ክፍል ብቻ ያድሰዋል፤ የተከፈተ ሥራ አይጠፋም።

ጋሼ፦ ልጁ ግን ሲቆምበት ማጥፋት ነው የሚወደው። አጥፍቶ ያበራዋል፣ ያው ነው ይለኛል።

እኔ፦ አዎ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በፈረንጆቹ 2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሸት ዳውን» ሲሉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በቶሎ ለመነሣት ሲል የሥርዓቱን ዋና ክፍል እንዳለ ዲስክ ላይ አጣጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ሲበራ ያንኑ ይዘረጋዋል፣ ከነጭርንቁሱ። ከባዶ የሚጀምረው «ሪስታርት» ሲሉት ነው። ለልጁ ይንገሩልኝ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ማብራት ማጥፋቱን ትቶ ያምጣልኝ፤ እያንዳንዱ ማብራት ዲስኩን ያቆስለዋል።

ጋሼ፦ እኔስ? ራሙ ባይሆን ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?

እኔ፦ በአምራቹ ይለያያል። ኤችፒ ከሆነ የዊንዶውስን ቁልፍና ቢን ይዞ ማብራት አለ፤ የተበላሸ ባዮስን ከመጠባበቂያው ለመመለስ። ቲንክፓድ ከሚባሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከስራቸው መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለቻቸው፤ ቻርጀሩን ነቅሎ በወረቀት መያዣ ሽቦ ይነኳታል፣ ኃይሉን ከሥሩ ለመቁረጥ። ከዚህ ካለፈ ማዘርቦርዱን በመለኪያ ማየት ነው፣ ያ ረጅም ነው። ከእነዚህ አንዱም ፎርማት አይደለም።

ጋሼ፦ ያ የጎረቤት ልጅ ግን በክፋት አይደለም።

እኔ፦ አይደለም። ፎርማት የሚሠራበት ጊዜ ስላለ ነው ለሁሉም የሚታዘዘው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 በየአገሩ አየር መንገዶች፣ ሆስፒታሎች፣ ባንኮች በአንድ ጠዋት ማሽናቸው በርቶ አልሠራ ያላቸውን ያስታውሳሉ? ሰማያዊ ስክሪን ያመጣውን?

ጋሼ፦ በዜና ሰምቻለሁ። ጠላፊዎች አይደሉም እንዴ?

እኔ፦ አይደሉም። ክራውድስትራይክ የሚባለው የደኅንነት ድርጅት የላከው ማዘመኛ ስሕተት ነበረበት። ማይክሮሶፍት 8.5 ሚሊዮን ያህል ማሽን ተነክቷል ብሎ ገመተ። መድኃኒቱ ምን ነበር? ሴፍ ሞድ በሚባለው የጥንቃቄ አነሣስ መግባትና አንዲት የተበላሸች ፋይል መሰረዝ። በብዙ ቦታ ባለሙያ በየማሽኑ ፊት እየቆመ ያችን አንዲት ፋይል ሲሰርዝ ነው የሰነበተው። ያ የእርስዎ ጎረቤት ቢጠራ ኖሮ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ማሽን ባዶ ያደርገው ነበር። ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነው፣ እርስዎንም ይነካል። ዲስካቸው የተቆለፈባቸው ማሽኖች ፋይሏን ለመሰረዝ መጀመሪያ የመመለሻ ቁልፍ ጠየቁ፤ ቁልፉ የት እንዳለ የማያውቁ ብዙ ነበሩ።

ጋሼ፦ እኔን በምን ይነካኛል?

እኔ፦ አሁን ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አየሁት። የእርስዎም ዲስክ ተቆልፏል። ዊንዶውስ ራሱ ሲጫን ቆልፎት ይሆናል። ማሽኑ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ራሱ ከፍቶ ይገባል፣ አይታወቅዎትም። ነገር ግን ዛሬ የሞተው ራሙ ባይሆን፣ ማዘርቦርዱ ቢሆን ኖሮ፣ ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ማሽን ላይ ስሰካው 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቀኝ ነበር። ያ ከሌለ መዝገቡ ሳይቃጠል እንደተቃጠለ ይቆጠራል። ማሽኑን መጀመሪያ የከፈተው ማነው?

ጋሼ፦ ልጄ ናት። እዚያው አሜሪካ በራሷ ኢሜይል ከፍታ፣ አማርኛ ጭናበት ነው የላከችው።

እኔ፦ እንግዲያው ቁልፉ ያለው በእሷ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ከውጭ ተልኮ የመጣ ብዙ ላፕቶፕ እንዲህ ነው፤ ሳጥኑ እዚህ፣ ቁልፉ ቨርጂኒያ። ይደውሉላትና ታንብብልዎት።

ጋሼ፦ አሁን አራት ሰዓት ነው፤ እዚያ ሌሊት ነው። ማታ እደውላለሁ። ሥራዋ ብዙ ነው፣ አላስደነግጣትም።

እኔ፦ ግልበጣው አልቋል። አንዱ ፍላሽ ኪስዎ ውስጥ፣ አንዱ ሌላ ቤት። ማሽኑ በ4 ጂቢ ለዕድሩ ሰንጠረዥ አያንስም። ራሟንና ባትሪዎቹን ሳገኝ እደውልልዎታለሁ። ያበጠውን እኔ ጋ ይተዉት።

ጋሼ፦ ስንት ነው?

እኔ፦ ሰዓት የምትቆጥረዋን ባትሪና ራሟን ስገዛ እንነጋገራለን። ላጲሱ የእኔ ነው።

ላፕቶፑን መልሰው በነጠላው ጠቅልለው ወጡ። ፌስታሉን ትተውት ሄደዋል፤ የ«ለ»ን ሙሉ ታሪክ ጽፌ ከእሷ ጋር ከትቼበታለሁ። ሰኞ ጠዋት ስልክ ደወሉ።

ጋሼ፦ ልጄ ቅዳሜ ማታ አነበበችልኝ። ስድስት ስድስት አድርጋ፣ ስምንት ጊዜ። እኔም መልሼ አነበብኩላት።

እኔ፦ የት ጻፉት?

ጋሼ፦ የዕድሩ መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በእስክርቢቶ። ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል፣ ሦስታችን ካልተገናኘን አይከፈትም።

እኔ፦ ጉባኤውስ እንዴት ነበር?

ጋሼ፦ ሰላም ነበር። የቀረ ሰው ተመዝግቧል። አንቺም ቀርተሻል፤ ቅጣትሽን ራሙን ይዘሽ ስትመጪ ትከፍያለሽ።